ተጥለው የዳኑት ሴደሞች፦ የአንድ የድንጋይ መደብና የ14 መትከያዎች ጉዳይ

ለምን ጻፍኩት

ሴደም የሚባለው ቅጠለ ወፍራም አትክልት አይሞትም ይባላል። ድንጋይ ላይ ይበቅላል፣ ውሃ ብትረሱት አይቀየምም፣ ውርጭ ይችላል። ይሄ ሁሉ እውነት ነው። ታዲያ አንድ ጠንቃቃ ሰው፣ ጠዋት ማታ አትክልቱን ዞሮ የሚያይ ሰው፣ በአንድ የዝናብና የብርድ ወቅት ከ14 መትከያ 9ኙን እንዴት ያጣል? ከዚያ ደግሞ ሞተዋል ብሎ የወረወራቸው ቁርጥራጮች፣ ዞር ብሎ ያያቸው ሰው ሳይኖር እንዴት ይለመልማሉ?

ጉዳዩ ያጋጠመኝ አንድ የማውቃቸው ሰው ግቢ ውስጥ ነው። ስማቸውን አልጠቅስም። መጀመሪያ የሰጠኋቸው ምክር ስህተት ስለነበር የኔም ጥፋት አለበት። እሱንም እጽፈዋለሁ።

ቦታውና ተክሎቹ

ሰውየው ጡረታ ወጥተዋል። እኔ ጋሼ ነው የምላቸው፣ እዚህም ጋሼ ልበላቸው። ወደ በረንዳው በሚያወጣው ደረጃ ላይ ግራና ቀኝ የተደረደሩ 14 መትከያዎች አሏቸው፤ ስምንቱ ሸክላ፣ አራቱ ፕላስቲክ፣ ሁለቱ ደግሞ ዝቅ ያሉ የሲሚንቶ ገንዳዎች። ከደረጃው ጎን 4 ሜትር በ1 ሜትር ተኩል የሆነች ተዳፋት አለች። እዚያ ላይ ትልልቅ ድንጋይ ደርድረው የድንጋይ መደብ ሠርተዋል። የግቢው አፈር ዋልካ ነው። ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲረጥብ ጫማ ይውጣል።

ሴደም የእንዳሁላ ዘመድ ነው፤ ሁለቱም የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ቅጠሉ የሚወፍረው ውሃ ስለሚቋጥርበት ነው። ጋሼ ጋር የነበሩት በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛዎቹ መሬት ላይ እንደ ምንጣፍ የሚነጠፉ ናቸው፦ ቢጫ የሚያብበው ሴደም አክሬ፣ ነጭ የሚያብበው ሴደም አልበም፣ ወርቃማ ቅጠሉ በብርድ ወደ ብርቱካናማ የሚሄደው አንጀሊና፣ ቅጠሉ ጠርዝ ጠርዙን የሚቀላው ስፑሪየም፣ ዱቄት የተነፋበት የሚመስለው ኬፕ ብላንኮ። ሁለተኛዎቹ ቀጥ ብለው እስከ 60 ሳንቲሜትር የሚደርሱ ቁመታሞች ናቸው። ከእነዚህ በብዛት የሚታወቀው ኦተም ጆይ ነው። ሮዝ አበባው እንደ ዣንጥላ ይዘረጋል፣ ብርዱ ሲገባ ከአፈር በላይ ያለው ሁሉ ይደርቃል።

አንድ ነገር በቅንፍ ልበል (ቁመታሞቹን ሳይንቲስቶች ሃይሎቴሌፊየም ወደሚባል ሌላ ወገን አዛውረዋቸዋል፣ ስፑሪየምም ፌዲመስ ሆኗል፤ ካርል ሊኒየስ በ1753 ሴደም ብሎ የሰየመው ወገን ከጊዜ ወደ ጊዜ እየተበጣጠሰ ነው። ስለዚህ አንዱ ተክል ሁለት ስም ይዞ ብታገኙት ግራ አይግባችሁ)።

አንድ እንግዳም ነበረ። ሴደም ሞርጋኒያነም ይባላል፣ እንደ ጅራት ተንጠልጥሎ የሚወርደው። ልጃቸው በስጦታ ያመጣችላቸው ነው። ስሙ ሴደም ስለሆነ ብቻ ከሌሎቹ ጋር ደጅ ተቀመጠ።

ችግሩ

በደረቁ ወራት ሁሉም ነገር ሰላም ነበር። ምንጣፎቹ ተነጠፉ፣ ቁመታሞቹ አበቡ። ከዚያ ዝናቡ ገባ፣ ተከትሎ ብርዱ መጣ። ጋሼ ቴርሞሜትር ሰቅለው በደብተር የሚመዘግቡ ሰው ናቸው፤ በጣም በቀዘቀዘው ሌሊት ከዜሮ በታች 9 ዲግሪ ጽፈዋል።

መጀመሪያ የታየው ምልክት የቅጠል መጨማደድ ነው። የአንጀሊና ቅጠሎች ሰለሉ፣ ስፑሪየም ታች ታቹን ቅጠሉን አረገፈ። ጋሼ የተጨማደደ ቅጠል ሲያዩ ማንም የሚያስበውን አሰቡ። ጠምቶታል! ማጠጫውን አነሱ። በሳምንቱ ይበልጥ ተጨማደደ፣ እሳቸውም ጨመሩለት። ከዚያ ግንዶቹ ከአፈሩ ጋር በሚገናኙበት ቦታ ጠቆሩ፤ አንድ ጠዋት አልበምን በሁለት ጣት ቢነኩት እንደ እርጥብ ወረቀት ተነስቶ እጃቸው ላይ ቀረ፣ ሥር የሚባል ነገር አልተከተለውም።

በሁለት ወር ውስጥ 9 መትከያ ባዶ ሆነ። ከመደቡ ደግሞ የታችኛው ግማሽ። ቁመታሞቹ ከላይ ደርቀው ሲያዩዋቸው እነሱንም የሞቱ መስሏቸው ሦስቱን ነቅለው ጣሉ።

የመጀመሪያው ስህተት የኔ ነበር

ጋሼ ፎቶ ልከው ሲደውሉልኝ ችግሩ ገና ጀማሪ ነበር። ፎቶውን አየሁ፣ የቴርሞሜትሩን ነገር ሰማሁ፣ ወዲያው ፈረድኩ። «ጋሼ፣ ውርጭ መትቷቸዋል። በፕላስቲክ ይሸፍኗቸው» አልኳቸው።

ሸፈኗቸው። ፕላስቲኩን ዙሪያውን በድንጋይ አጥብቀው ያዙት፣ ነፋስ እንዳይገባ። በማግስቱ ከውስጥ በኩል ላብ ላብ አለው። በ10 ቀን ውስጥ በሕይወት ያሉት ቅጠሎች ላይ ግራጫ ሻጋታ ወጣ። ቦትራይቲስ የሚባለው ነው፣ ቀዝቃዛና የታፈነ እርጥብ አየር ይወዳል። በኔ ምክር የሞቱት ስንት እንደሆኑ በትክክል አላውቅም፣ ግን ቢያንስ ሁለቱ መትከያዎች ከዚያ በፊት ደህና ነበሩ።

ማሰብ የነበረብኝ ይሄን ነው። አክሬ፣ አልበም፣ ስፑሪየም ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ አካባቢ የሚችሉ ተክሎች ናቸው። ብርድ እየቀረበ ሲመጣ ቅጠላቸው ውስጥ ያለውን ውሃ ይቀንሱና ስኳራቸውን ያጠነክራሉ፤ ትንሽ ጨምደድ የሚሉትም አንዳንዴ ለዚሁ ነው። ከዜሮ በታች 9 ለእነሱ ጨዋታ ነው። ነገሩ ዓይኔ ፊት ነበር፣ ግን ቁጥሩን አላመዛዘንኩትም።

የጠጠሩ ክምር

በአካል የሄድኩት ብርዱ ሊያልቅ ሲል ነው። ጋሼ ባዶዎቹን መትከያዎች ካሳዩኝ በኋላ የጣሉትን ልይ አልኳቸው። ከቤቱ ጀርባ፣ ለመንገድ ማንጠፊያ መጥቶ የተረፈ የጠጠር ክምር አለ፣ ቁመቱ እስከ ጉልበት ይሆናል። እዚያ ላይ ነው የሚወረውሩት።

ክምሩ አረንጓዴ ነበር።

አጋንኜ አይደለም። አልበም በድንጋዮቹ መሃል መሃል ገብቶ ተሰግስጓል። አንጀሊና ብርቱካናማ ሆና ደምቃለች። አንዱን ቅርንጫፍ ሳብ ሳደርገው እምቢ አለኝ። ጠጠሩን በጣቴ ገፋ ገፋ አድርጌ ሳይ ነጫጭ፣ እንደ ክር የቀጠኑ ሥሮች አንዱን ጠጠር አቅፈው ይዘውታል። ተነቅለው የተጣሉት ቁመታሞችም ነበሩ። ደረቁን አገዳ ገለጥ ሳደርገው፣ ከሥሩ ጫፍ ላይ ጥቅል ጎመን የሚመስሉ ጥፍር የሚያካክሉ እምቡጦች ተኮልኩለዋል፤ ቀድሞም አልሞቱም፣ ተኝተው ነበር።

ጋሼ ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ፣ «እኔ የተንከባከብኳቸው ሞቱ፣ የጣልኳቸው ዳኑ ነው የምትለኝ?» አሉ።

ነው። ያው ዝናብ ዘንቦባቸዋል፣ ያው ውርጭ ወርዶባቸዋል፣ ፕላስቲክ የሸፈናቸው የለም። ማጠጫም አልደረሰባቸውም። ዋናው ልዩነት ግን እግራቸው ሥር ያለው ነገር ነው። ማንም ሳያስበው የተሠራ ሙከራ ማለት ነው።

ነቅለን ስናይ

ከቀሩት መትከያዎች አንዱን ገለበጥነው። አፈሩ እንዳለ በአንድ ላይ ወጣ፣ ቅርጹን እንደያዘ። ሽታው ረግረግ ይሸታል። ከታች ሦስት ጣት የሚሆን ጠጠር አለ፤ ጋሼ «ውሃ እንዲያሳልፍ» ብለው ያደረጉት፣ ብዙ ሰው የሚያደርገው ነገር ነው። ጠጠሩ እርጥብ እንኳ አይደለም ማለት ይቻላል። ከጠጠሩ በላይ ያለው አፈር ግን ሲጨመቅ ውሃ ያንጠባጥባል።

ይሄን ለጋሼ በቃል ከማስረዳት የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ አስመጣሁ። ውሃ ውስጥ ነክረን በጠፍጣፋው አድርገን ያዝነው። ተንጠባጥቦ ተንጠባጥቦ ቆመ። ከዚያ ምንም ሳልጨምቀው በቁሙ አዞርኩት። እንደገና ፈሰሰ። ስፖንጁ ያው ነው፣ ውሃው ያው ነው፤ ቁመቱ ሲጨምር ግን መያዝ ያቃተው ውሃ ወረደ።

የመትከያ አፈርም እንደዚያ ነው። ከታች ሁልጊዜ የማይወርድ ውሃ የሚቀርበት ንብርብር አለ። ደቃቅ አፈር ውሃን በደቃቅ ቀዳዳዎቹ አጥብቆ ይይዛል፣ ከሥሩ ሰፋፊ ቀዳዳ ያለው ጠጠር ሲመጣ ውሃው እስኪሞላና እስኪጠግብ ድረስ ወደዚያ አይሻገርም። ስለዚህ ከታች የተደረገው ጠጠር ውሃውን አያወርደውም። እርጥቡን ንብርብር ወደ ላይ፣ ወደ ሥሩ ያስጠጋዋል። ጋሼ በ15 ሳንቲሜትር መትከያ ውስጥ 5 ሳንቲሜትር ጠጠር ሲያደርጉ አፈራቸውን 10 ሳንቲሜትር አደረጉት፣ ስፖንጁን አጋደሙት ማለት ነው።

ከዚህ የሚከተል ሌላ ነገር አለ፣ ብዙ ጊዜ የሚዘለል። የሴደም ሥር ጥልቅ አይደለም፣ ስለዚህ ጎድጓዳ ያልሆነ መትከያ ይበቃዋል ይባላል። እውነት ነው፤ በሴደም የሚሸፈኑ ጣሪያዎች ላይ እንኳ አፈሩ 10 ሳንቲሜትር ገደማ ቢሆን ይበቃል። ግን ዝቅ ያለ መትከያ ያው አፈር ሲሞላበት ከረጅሙ የበለጠ እርጥብ ሆኖ ይቆያል። መትከያው ባጠረ ቁጥር ድብልቁ ሻካራ መሆን አለበት።

የቅጠሉ መጨማደድም አሁን ተፈታ። ሥሩ በስብሷል። የበሰበሰ ሥር ውሃ አይስብም። ቅጠሉ ውሃ ውስጥ ተቀምጦ ይጠማል፣ እኛም መጨማደዱን አይተን ውሃ እንጨምርለታለን።

ያደረግነው፦ መትከያዎቹ

መጀመሪያ ማዳን። ከቀሩትና ከክምሩ ላይ ጤነኛ ጫፎችን ከ5 እስከ 8 ሳንቲሜትር አድርገን ቆረጥን። አቆራረጡ ላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የተቆረጠውን ፊት ማየት ነው። ነጣ ያለ አረንጓዴ ከሆነ ደህና ነው። መሃሉ ላይ ቡናማ ነጥብ ወይም ቀለበት ካለ መበስበሱ ወደ ላይ ወጥቷልና እንደገና ከፍ ብሎ መቁረጥ፣ እስኪጠራ ድረስ። አንዱን ስፑሪየም አራት ጊዜ ቆርጬው በመጨረሻ ጥፍሬን የምታክል ጫፍ ቀረችኝ፣ እሷም በቀለች። ቢላውን በየመሃሉ በአልኮል ጠረግነው።

ቁርጥራጮቹን የታችኛውን ቅጠል አራግፈን ጥላ ውስጥ ወረቀት ላይ ለሁለት ቀን አስተኛናቸው፣ ቁስላቸው እንዲደርቅ። ጋሼ ይሄ አስጨነቃቸው፣ ሦስት ጊዜ «ውሃ ልርጭባቸው?» ብለው ጠየቁኝ።

ድብልቁ ሁለት እጅ ጠጠር ነገር፣ አንድ እጅ ኮምፖስት ነው። ጠጠሩ ከ3 እስከ 6 ሚሊሜትር፣ ፑሚስ ከሚባለው ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ጋር። ዋናው ሥራ ማበጠር ነው። ደቃቁ ዱቄት በወንፊት ወጥቶ ካልተጣለ በጠጠሩ መሃል ገብቶ ቀዳዳውን ይደፍነዋል፣ ከዚያ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። ከታች ጠጠር አላደረግንም። ቀዳዳው ላይ አንድ ቁራጭ ወንፊት ጣል አድርገን እስከ ላይ ያንኑ ድብልቅ ሞላን። የፕላስቲኮቹን ቀዳዳ በመሰርሰሪያ ሰፋ አደረግን፣ የሲሚንቶ ገንዳዎቹ አንድ አንድ ቀዳዳ ብቻ ነበራቸው፣ አራት አራት አደረግንላቸው። ከሥር ያሉትን ሰሃኖች ሰበሰብንና መትከያዎቹን በትንንሽ ድንጋዮች ከወለሉ ከፍ አደረግናቸው።

ላዩ ላይ ሁለት ሳንቲሜትር ጠጠር። ይሄ ግን ለውበት ብቻ አይደለም፣ የግንዱን አንገት ያደርቀዋል። የጠጠር ቦታው ከላይ ነው፣ ከታች አይደለም።

ከተከልን በኋላ ለአምስት ቀን ምንም ውሃ አልሰጠንም። ከዚያ አንድ ጊዜ በደንብ፣ ከታች እስኪወጣ። በሦስተኛው ሳምንት ላይ አብዛኞቹ ሳብ ሲደረጉ እምቢ አሉ።

ያደረግነው፦ የድንጋይ መደቡ

መደቡ ከላይ ደህና፣ ከታች ሙት ነበር። ምክንያቱ ለመገመት አይከብድም፤ ውሃው ከላይ ይወርድና ታች ላይ ይቆማል። ግን ሌላም ነገር ነበረ። ጋሼ ዋልካውን «ለማላላት» ደቃቅ የግንባታ አሸዋ ደባልቀውበታል። ጥቂት ደቃቅ አሸዋ ዋልካ ውስጥ ሲገባ አያላላውም፣ ቀዳዳዎቹን ሞልቶ እንደ ጡብ ያደርገዋል። ዶማው ሲያርፍበት የሚያሰማው ድምፅ ራሱ ይነግራችኋል።

ዋልካውን ለማስተካከል አልሞከርንም። ትተነው ከላዩ ወጣን። የተዳፋቱን ታች በድንጋይ ይዘን በጠጠርና በዚያው ሻካራ ድብልቅ 30 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ አደረግነው፤ ከታች በኩል ውሃ የሚወጣበት ክፍተት ተውን። ድንጋዮቹን አውጥተን እንደገና ቀበርናቸው። ቀድሞ ላዩ ላይ የተቀመጡ ነበሩ፣ አሁን እያንዳንዱ አንድ ሦስተኛው መሬት ውስጥ ገብቷል፣ ፊቱም ወደ ኋላ ትንሽ ዘንበል ብሏል። እንዲህ ሲሆን ዝናቡ በድንጋዩ ጀርባ ወርዶ ወደ ጥልቁ ይገባል፣ አፈሩን ጠርጎ አይሄድም። ሥሮቹም በበጋ ከድንጋዩ ሥር ቅዝቃዜ ያገኛሉ። ተክሎቹን ከ15 እስከ 20 ሳንቲሜትር አራርቀን ተከልን። ኬፕ ብላንኮን ቀጥ ባለ የድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ሰካነው፣ ውሃ አናቱ ላይ እንዳይቆም።

ያልሠራው

የፕላስቲኩን ነገር ተናግሬያለሁ። በሁለተኛው ዓመት ለስስ ስሶቹ ብቻ ከላይ ብቻ የሚከልል፣ ጎኑ ክፍት የሆነ ብርሃን አሳላፊ ክዳን አደረግን። ዝናቡን ያስቀራል፣ ነፋሱን ያሳልፋል። ይሄ ሠራ።

ጋሼ ተክሎቹ ቶሎ እንዲያገግሙ ብለው፣ ሳይነግሩኝ፣ ናይትሮጅን የበዛበት ማዳበሪያ ሰጧቸው። ውጤቱ ቁመታሞቹ ላይ ታየ። ወፈሩ፣ ረዘሙ፣ ከዚያ አበባው ሲከብዳቸው ከመሃል ተሰነጠቁና ዙሪያውን ተኙ። ሴደም ሲጠግብ አይቆምም። ቀጣዩ ዓመት ማዳበሪያውን ተዉት፣ እድገቱ ገና 20 ሳንቲሜትር ገደማ ሲሆን ግማሹን ቆርጠን ጣልነው፤ አጠር ብሎ ቅርንጫፍ አበዛ፣ ትንሽ ዘግይቶ አበበ፣ አልወደቀም።

አክሬን ከኬፕ ብላንኮ አጠገብ መትከሌም የኔ ስህተት ነው። አክሬ ከተቆረሰች ቁራሽ ሁሉ የሚበቅል ተክል ነው። በአንድ ዓመት ኬፕ ብላንኮን ከላይ ሸፈነው። ስንለቅመው የወደቀው ፍርፋሪ እንደገና በቀለ። አሁን አክሬ የሚኖረው ለብቻው ገንዳ ውስጥ ነው። (ሲለቅሙት ጓንት ይሻላል፣ ጭማቂው ያቃጥላል፤ ቅጠሉ አፍ ውስጥ ሲገባም እንደዚያው።)

የተንጠልጣዩ ሞርጋኒያነም ነገር ደግሞ ሌላ ነው። እሱን በእውነት የገደለው ውርጩ ነው። አገሩ ሜክሲኮ ነው፣ ውርጭ አያውቅም። ቅጠሎቹ የተቀቀሉ መስለው፣ ብርሃን እያሳለፉ በአንድ ሌሊት ረገፉ። ከእሱ ምንም አላተረፍንም። እንዲያውም እኔን ያሳሳተኝ እሱ ይመስለኛል። ከላኩልኝ ፎቶዎች የመጀመሪያው ላይ እሱ ነበር፣ የሌሎቹንም በእሱ ፈረድኩ።

ሁለቱ እምቢተኞች

ሁሉም ካገገመ በኋላ ሁለት መትከያዎች፣ ሁለቱም ስፑሪየም፣ እንደገና ተጨማደዱ። ድብልቁ ጥሩ፣ ቀዳዳው ክፍት፣ አፈሩ ደረቅ። አጠጣን፣ አልተነሱም። እዚህ ላይ «በቃ ያው መበስበስ ነው» ብለን ልንተው ነበር። ጋሼ ናቸው ገልብጠን እንየው ያሉት።

ጥሩ አሉ። አፈሩ ውስጥ ክሬም ቀለም ያላቸው፣ ራሳቸው ቡናማ፣ እግር የሌላቸው፣ እንደ ማጭድ የታጠፉ እጮች ነበሩ። ከአንዱ መትከያ 11 ለቀምን። የጥቁሩ ነቀዝ፣ የኦቲዮሪንከስ፣ ልጆች ናቸው። ትልቁ ማታ ማታ ወጥቶ የቅጠል ጠርዝ ይበላል፣ ልክ በቲኬት መብሻ እንደተበሳ ግማሽ ክብ እያደረገ። እጩ ሥር ይበላል። ሴደምን በጣም ይወዳል፣ መትከያ ውስጥ ደግሞ ከልካይ የለውም።

አፈሩን ሙሉ በሙሉ ጣልን፣ የቀረውን ሥር አጠብን፣ ጫፎቹን ቆርጠን እንደገና ተከልን። ለሁለት ሳምንት ጋሼ ማታ ማታ በባትሪ እየወጡ ትልልቆቹን በእጅ ለቀሙ። ኔማቶድ የሚባሉትን እጭ የሚገድሉ ደቃቅ ትሎች መጠቀምም ይቻላል፤ የሚሠሩት ግን አፈሩ ሞቅ ሲልና እርጥብ ሲሆን ስለሆነ በብርዱ መሃል ማፍሰስ ትርፉ ድካም ነው።

ለሌላው የሚሆነው

ከዚህ ሁሉ ለሌላ ሰው ግቢ የሚሄደው አንደኛው ነገር የተጨማደደ ቅጠል ምን ማለት እንደሆነ ነው። ብቻውን ምንም አይልም። ጥማትም፣ የበሰበሰ ሥርም፣ የተበላ ሥርም፣ ለብርድ መዘጋጀትም አንድ መልክ አላቸው። የሚለያቸው አፈሩ ነው። ቀጭን ስንጥር እስከ ታች ሰክቶ አንድ ደቂቃ ቆይቶ ማውጣት። ጠቁሮ አፈር ይዞ ከወጣ ማጠጫውን መልሱ። ደረቅ ከሆነ አጠጡና በሁለት በሦስት ቀን ቅጠሉ መሙላቱን እዩ። ደረቅ ሆኖ ከጠጣም በኋላ ካልተነሳ ገልብጡት፣ ሥሩን እዩ። መትከያውን ብድግ አድርጎ ክብደቱን መልመድም ከስንጥሩ አያንስም።

መዘግየት ደግሞ ሴደምን አይገድለውም። ብዙዎቹ ውሃ ሲያጥራቸው የቅጠላቸውን ደቃቅ ቀዳዳዎች ቀን ዘግተው ማታ ብቻ ይከፍታሉ፣ ማታ ያስገቡትን ካርቦን ዳይኦክሳይድ በማሊክ አሲድ መልክ ያስቀምጡና ቀን ይሠሩበታል። ቤንጃሚን ሄይን የሚባል ሰው ህንድ ውስጥ የእንዳሁላን የቅርብ ዘመድ ቅጠል ጠዋት ቢቀምሰው እንደሚኮመጥጥ፣ ከሰዓት በኋላ ግን ጣዕም እንደሌለው ከ200 ዓመት በፊት ጽፎ ነበር። የሚኮመጥጠው ይሄ የማታው አሲድ ነው። እንዲህ ያለ ተክል አንድ ሳምንት ዘግይታችሁ ብታጠጡት ምንም አይሆንም። አንድ ሳምንት ቀድማችሁ በብርድ ብታጠጡት ግን ልታጡት ትችላላችሁ።

ብርድ ስንል መሬት ውስጥ ያለውና መትከያ ውስጥ ያለው አንድ አይደሉም። መትከያ ሥሩን ከአራት አቅጣጫ ያስመታዋል፤ የግቢያችሁን ብርድ በጠባቡ የሚችል ዝርያ መሬት ላይ ቢኖር እንኳ መትከያ ውስጥ ላይኖር ይችላል። ሸክላ ደግሞ ውሃ ጠጥቶ ሲረጋበት ይሰነጠቃል፣ ጋሼ ሁለት አጥተዋል። «ሴደም» የሚለው ስም ብቻውን ዋስትና አይደለም። ቁመታሞቹን ደርቀው ስታዩ አትንቀሏቸው፣ አፈሩን ጫር አድርጋችሁ እምቡጥ ፈልጉ።

ምክር ሰጪ ለሆንን ደግሞ፦ በፎቶ አትፍረዱ። ከመፍረዳችሁ በፊት ቢያንስ አንዱን ያስገልብጡና የሥሩን ፎቶ ይላኩላችሁ።

አሁን

ከተሠራ ሁለት የዝናብና የብርድ ወቅት አልፎታል። ከ14ቱ መትከያዎች 13ቱ ሙሉ ናቸው፣ አንዷን ኬፕ ብላንኮ ባለፈው ብርድ አጥተናታል፣ ለምን እንደሆነ ገልብጠንም አልገባንም። መደቡ ታች ድረስ ተሸፍኗል። ጋሼ የሸሚዛቸው ኪስ ውስጥ ከብዕር ጎን ስንጥር ይዘው ነው የሚዞሩት።

የጠጠሩን ክምር ለመንገዱ ሊያነሱት ነበር። ባለፈው ስሄድ ዙሪያውን በድንጋይ አጥረውታል። «እሱን ማንም አይንካብኝ» አሉኝ፣ «ውሃም እንዳታጠጣው።»